አሮጌ ሽዊን ሳይክል ከመግዛትዎ በፊት፦ ከፋብሪካ የወጣውን ከተገጣጠመው መለየት

ሻጩ «ኦርጅናል ነው፤ አያቴ አዲስ ሆኖ የገዛው» አለኝ። ቀይ ነው። ፓራፋንጎው ክሮም፣ የፊት ሹካው ባለ ሞላ ነው። በላይኞቹ ቱቦዎች መካከል የሞተር ሳይክል ቤንዚን ታንክ የመሰለ ክላክስ ያለበት ሣጥን ተገጥሞለታል፤ የሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ «ፋንተም» ተብሎ ተጽፏል። የጠየቀኝን ያለ ክርክር ከፈልኩ። ማታ ቤት አስገብቼ በመብራት ሥር ግንባሩ ላይ ያለችውን የሽዊን አርማ ፈታሁ። ከሥሯ ሰማያዊ ቀለም ወጣ። ሳይክሉን ዘቅዝቄ በግራ በኩል የኋላው ጎማ የሚታሰርበትን ጆሮ በጨርቅ ስጠርግ ደግሞ ቁጥሩ ብቅ አለ፤ በላቲኑ «ሲ» ፊደል ይጀምርና «2» ይከተላል። ቁጥሩ የተመታው ማርች 1962 ነው ማለት ነው። ፋንተም የሚባለው የድሮ የሽዊን ሞዴል የተሠራው ግን ከ1949 እስከ 1959 ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንን ጨርቅ ከኪሱ የሚያወጣው ከከፈለ በኋላ ሳይሆን ከመክፈሉ በፊት እንዲሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የጋራዥ ሽያጭ ለሚዞርና ከእነዚህ ሳይክሎች አንዱ ዓይኑን ለሳበው አንባቢ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክሩዘር የሚባሉት ጎማቸው ወፍራም፣ መሪያቸው ሰፊ፣ ኮርቻቸው ትልቅ የሆኑ አሮጌ የአሜሪካ ሳይክሎች ናቸው። ብዙ ፋብሪካዎች ሠርተዋቸዋል፤ እኔ ግን ስለ ሽዊን እናገራለሁ። በ1895 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ይህ ኩባንያ ነው በ1933 ባለ 26 በ2.125 ኢንች «ባሉን» ጎማ ሳይክል አውጥቶ የአሜሪካን ሳይክል መልክ የቀየረው። ቁጥሮቹንና ምልክቶቹን ማንበብ የሚቻልበት መንገድም ከሌሎቹ ይልቅ ግልጽ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንለይ። «ኦርጅናል» ሲባል ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። አንዱ ከፋብሪካ በወጣበት ዕቃና ቀለም ያለ ሳይክል ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ በዘመኑ የቀየረው ነው፤ ለምሳሌ በ1958 የተገዛ ሳይክል ላይ በ1965 ማርሽ ቢገጠምበት። ሦስተኛው ደግሞ ከአምስት ሳይክል ዕቃ ተለቅሞ በቅርቡ የተሠራ ነው። ሦስቱም ሊነዱ ይችላሉ፣ ሦስቱም ሊወደዱ ይችላሉ። ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው። ሥራዎ የትኛው ፊትዎ እንደቆመ ማወቅ ነው።

ይዘው ይሂዱ፦ የእጅ ባትሪ፣ ሚሊሜትር ያለው ሜትር፣ ትንሽ ማግኔት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ ወረቀትና እርሳስ። የብርጭቆ ወረቀት አይያዙ። ቁጥር ያለበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ያሸ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ቁጥሩን ፈልገው ያንብቡ

ክሮሙንም ቀለሙንም ከማየትዎ በፊት ቁጥሩን ያግኙ። ከ1952 በፊት ለተሠሩት የሚገኘው ሳይክሉን ሲዘቀዝቁት ፔዳሎቹ በሚዞሩበት ወፍራም ቱቦ ሆድ ላይ ነው። ከ1952 ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ ወደ ግራው የኋላ ጆሮ፣ ፐርኖው ወደሚታሰርበት ቦታ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ወደ መሪው አንገት ወጣ። ቦታው ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ሻጩ «የ1949 ነው» ብሎ ቁጥሩ ጆሮው ላይ ከተገኘ ንግግሩ እዚያው ላይ ፈረሰ።

ቆሻሻው ከጠነከረ ነጭ ጋዝ በብሩሽ ያስነኩትና ጥቂት ይጠብቁ። አሁንም ካልተነበበ ወረቀቱን ከላዩ አድርገው በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ያሹ፤ ዓይን ያላየው ጉድጓድ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ማንበብ ነው። ከ1959 እስከ 1964 ባሉት ላይ የመጀመሪያው ፊደል ወሩን፣ የሚከተለው አኃዝ የዓመቱን መጨረሻ ይነግራል። «ኤ» ጃንዋሪ ነው፣ «ቢ» ፌብሯሪ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ «አይ» የሚባለው ፊደል ከ1 ቁጥር ጋር ስለሚመሳሰል ይዘለላል፣ ስለዚህ ዲሴምበር «ኤም» ላይ ይወድቃል። ከ1965 ወዲህ አኃዙ ቀርቶ ሁለት ፊደል ሆነ፦ የመጀመሪያው ወር፣ ሁለተኛው ዓመት። ዓመቱም ከ«ኤ» ይጀምራል፤ «ኤ» 1965፣ «ቢ» 1966፣ «ሲ» 1967። ስለዚህ «ሲኤ» ማርች 1965 ነው፤ «ኤሲ» ደግሞ ጃንዋሪ 1967። ቅደም ተከተሉን ያገላበጠ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ ይስታል። በዓመቱ ፊደላት ውስጥ «አይ»ም «ኦ»ም የሉም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ ዓመቱን እንጂ ሞዴሉን አይነግርም። ተራውም ውዱም ሞዴል በአንድ ተራ ቁጥር ነው የተመታው። «ቁጥሩ ፋንተም መሆኑን ያረጋግጣል» የሚልዎት ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሊሸጥልዎት ቸኩሏል። ሁለተኛው፣ ቁጥሩ የተመታበትና ሳይክሉ ተገጣጥሞ ከበር የወጣበት ቀን አንድ ላይሆን ይችላል፤ የጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዴ የጥቂት ወር ልዩነት የተለመደ ነው። የ1970ዎቹ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ያለ ከሆነ ግንባሩ ላይ ያለችውን አርማ ይዩ፤ አራት አኃዝ ተመትቶባታል። ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ፣ አራተኛው የዓመቱን መጨረሻ አኃዝ ይናገራሉ። 1236 ማለት የ123ኛው ቀን፣ በ6 የሚያልቅ ዓመት ነው።

ዕቃዎቹን ከፍሬሙ ጋር ያፋጥጡ

ፍሬሙ ዕድሜውን ነገረን። ቀጥሎ በላዩ የተንጠለጠሉት ዕቃዎች ከዚያ ዕድሜ ጋር ይስማሙ እንደሆነ ማየት ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ዕቃ ከፍሬሙ በጥቂት ወር ቢቀድም አይገርምም፣ ከመጋዘን የወጣ ነውና። በዓመታት ቢዘገይ ግን በኋላ የተገጠመ ነው።

የኋላውን ሞዞ፣ ማለትም ራጂዎቹ የሚሰኩበትን እምብርት፣ በባትሪ ያብሩበት። ባለ ሦስት ማርሹ የስተርሚ አርቸር ሞዞ ከእንግሊዝ አገር ከኖቲንግሃም የመጣ ነው፤ «ኤደብሊው» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ሁለት አኃዝ ዓመቱን፣ ሌላ አኃዝ ወሩን ይዞ ታትሟል። «55 9» ካለ ሴፕቴምበር 1955 ነው። እንዲህ ያለ ነገር በ1955 መጨረሻ ወይም በ1956 መጀመሪያ ፍሬም ላይ ሲያዩ ደስ ይላል። በ1962 ፍሬም ላይ «74» ካዩ ግን አንድ ሰው ጎማውን በሙሉ ቀይሯል። ፔዳሉን ወደኋላ ሲገፉ ማርሽ የሚቀይረው ባለ ሁለት ማርሹ የቤንዲክስ ሞዞ ደግሞ በዙሪያው ባለ ቀለም መስመር ይታወቃል፤ የ1960ዎቹ ዕቃ ስለሆነ በ1950 ፍሬም ላይ ቢገኝ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም።

የቡሎኖቹንም ራስ ይዩ። ኩባንያው ሙሉ ስሙ አርኖልድ ሽዊን ስለነበር በዘመኑ የነበሩ ብዙ ቡሎኖች ላይ «ኤኤስ» የሚሉት ፊደላት ተቀርጸዋል። ኮርቻውን የሚያጠብቀው ቡሎን «ኤኤስ» ሆኖ መሪውን የያዘው ትናንት ከሃርድዌር መደብር የወጣ ከሆነ መሪው ተነቅሎ ተገጥሟል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ በስልሳ ዓመት አንድ ቡሎን መጥፋቱ አይደንቅም። የእኔ ቀይ ሳይክል ላይ ግን አንድም «ኤኤስ» አልነበረም። አንድም!

ቸርኬውን ይለኩ

ይህን ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ቁጥር አይዋሽም። የድሮዎቹ ባሉን ሳይክሎች «ኤስ 2» የሚባል ሰፊ ቸርኬ ነበራቸው፤ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊሜትር ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሽዊን እንደ ኮርቬት ያሉ መካከለኛ ውፍረት ያላቸውን ሳይክሎች ሲያወጣ «ኤስ 7» የሚባለውን ጠበብ ያለ ቸርኬ አመጣ፤ የሱ ዲያሜትር 571 ሚሊሜትር ነው። ጎማዎቹ ላይ ሁለቱም «26» ተብለው ይጻፋሉ፤ አንዱ የ26 በ2.125፣ ሌላው የ26 በ1 ከ3/4። ግን አንዱ ጎማ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። 12 ሚሊሜትር ናቸው የሚለዩአቸው፤ ሞክሮ ጣቱን የቆነጠጠ ያውቀዋል።

ስለዚህ ባሉን የሚባለው ሳይክል ላይ ኤስ 7 ካዩ ጎማው ከሌላ ሳይክል መጥቷል። በተቃራኒው መካከለኛው ላይ ኤስ 2 ካዩ አንድ ሰው አሮጌ መስሎ እንዲታይ አወፍሮታል፤ በዚህ ጊዜ ጎማው በኋለኛው ሹካ ቱቦዎች መካከል ተጨንቆ፣ አንዳንዴም ቀለሙን ላጭቶት ያገኙታል። ጣትዎን አስገብተው ይዳስሱት። የእኔው ላይ ግራና ቀኝ በኩል እንደ ጥፍር ጫፍ የሚያህል የተፋቀ ብረት ነበር። ስገዛው ይህን ዓይቼ «አቧራ ነው» ብዬ አልፌ ነበር።

የፍሬንና የማርሽ ጠባሳ

አሁን በጣም ቀስ ብለው የሚሠሩበት ደረጃ ላይ ደረስን። ብዙዎቹ ክሩዘሮች ከፋብሪካ የወጡት ባለ አንድ ማርሽና ባለ እግር ፍሬን ሆነው ነው፤ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡ የኋላው ሞዞ ውስጥ ያለው ፍሬን ይይዛል። ይህ ፍሬን እንዳይዞር የሚያደርገው ትንሽ የብረት ክንድ አለው፤ ክንዱ ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው የግራ የታችኛ ቱቦ ላይ በቀጭን ቀለበት ይታሰራል። ቀለበቱ በዓመታት ውስጥ ቀለሙን ይበላና ቱቦው ላይ መታጠቂያ የመሰለ ምልክት ይተዋል።

ባለ ሦስት ወይም ባለ አምስት ማርሽ ሳይክል ሲቀርብልዎት መጀመሪያ ይህን ምልክት በዚያው ቱቦ ላይ ይፈልጉ። ካገኙት ሳይክሉ ተወልዶ ያደገው በእግር ፍሬን ነው፤ ማርሹ በኋላ መጥቷል። ካጡት ግን ወዲያው አይደሰቱ፤ እንደገና የተቀባ ፍሬም ምልክቱን ይሸፍነዋል። ያኔ ጣትዎን በቱቦው ዙሪያ በቀስታ ያንሸራቱ፤ ቀለም የሸፈነው ጭረት ለጣት ይታወቃል።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ። የእጅ ፍሬን የፊት ሹካው ራስ ላይና ከኋላው ጎማ በላይ ባለው ድልድይ ላይ በቡሎን ይታሰራል። ፋብሪካው የበሳው ቀዳዳ ከመቀባቱ በፊት የተበሳ ስለሆነ ቀለሙ በጠርዙ ላይ ተጣጥፎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው። በኋላ በትራፓኖ የተበሳው ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ይታያል፣ ውስጡ ራቁት ብረት ወይም ዝገት ነው፣ አንዳንዴም ትራፓኖው ሲያንሸራትት የተወው ጭረት በአጠገቡ አለ። ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ምንም አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ጠርዙ ነው።

ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዘልል የማርሽ መቀየሪያ ካለው ደግሞ ሜትርዎን ያውጡ። በሁለቱ የኋላ ጆሮዎች መካከል ከውስጥ ወደ ውስጥ ይለኩ። ባለ እግር ፍሬኑ ወደ 110 ሚሊሜትር፣ ባለ አምስት ማርሹ ወደ 120 ሚሊሜትር ይጠጋል። ጠባብ ፍሬም ላይ ሰፊ ጎማ ለማስገባት ሰው ቱቦዎቹን በጉልበት ይከፍታቸዋል። ይህን ለማወቅ ከኋላ ቆመው ጆሮዎቹን ይዩ፦ እንደ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው መቆም ሲገባቸው ወደ ውጭ ከተንጋደዱ ተከፍተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔም ወድቄበታለሁ። ባለ አምስት ማርሽ ክሩዘር ሁሉ የተቀየረ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሽዊን ራሱ ክላንከር 5 እና ክሩዘር 5 የሚባሉ ባለ አምስት ማርሽ ሳይክሎች አውጥቷል። ሲያዩአቸው አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ የሠራቸው ይመስላሉ። ቁጥሩን ሳላነብ «ተቀይሯል» ብዬ አንዱን ትቼ ሄጃለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ይቅደም።

ቀለሙ ሥር ምን አለ?

ቀለም አታላይ ነው፣ ግን የሚያታልለው ፊት ለፊት ብቻ ነው። ቀቢ የማይደርስባቸውን ቦታዎች ይፈልጉ፦ ከአርማው ሥር፣ ኮርቻውን የተሸከመው ምሶሶ በሚገባበት አንገት ውስጥ፣ ከፓራፋንጎው መያዣ ብረት ሥር፣ እንዲሁም የመቆሚያው እግር በሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ። ከ1946 ጀምሮ መቆሚያው ከፍሬሙ ጋር ተበይዶ ይመጣ ነበር፤ በዚያ ቱቦ አፍ ውስጥ ባትሪ ሲያበሩ የመጀመሪያው ቀለም ብዙ ጊዜ ሳይነካ ተቀምጦ ይገኛል። ሻጩ አርማውን እንዲፈታ ይጠይቁት። ፈቃደኛ ካልሆነ ዋጋውን እንደ ተቀባ አድርገው ይገምቱ።

ጌጠኛ መስመሮቹንም ጠጋ ብለው ይዩ። ፋብሪካው ውስጥ በእጅ ብሩሽ የተሳሉ ናቸው፤ መጀመሪያቸው ወፈር፣ መጨረሻቸው ሳሳ ይላል። በየቦታው እኩል የሆነ፣ በጥፍር ሲነካ ጠርዙ የሚነሳ መስመር ተለጣፊ ነው። ማግኔቱን ደግሞ በክላክሱ ሣጥን ላይ ይጎትቱ፤ ድንገት የሚላቀቅበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ።

ፋንተም ነው ሲባሉ

ፋንተም ብዙ ስለሚወደድ ብዙ ይመሰላል። ፋንተም የሚያደርገው ጌጡ ነው፦ ክሮም ፓራፋንጎ፣ ባለ ሞላ ሹካ፣ ባለ ክላክስ ሣጥን፣ የፍሬን መብራት ያለበት የኋላ ዕቃ መጫኛ። ከዚህ ሁሉ በቡሎን የማይፈታ የለም። ስለዚህ ርካሽ ሞዴል ገዝቶ ጌጡን የሚያለብሰው ሰው አለ። ነገሩን ያባባሰው ደግሞ ኩባንያው በ1995 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ፋንተምን እንደገና ማውጣቱ ነው፤ የዚያ ዕቃ ዛሬ በአሮጌ ፍሬም ላይ ይገኛል። የሚጠረጠረው ክሮሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ብሩህ ሲሆን ነው። በእውነት ያረጀ ሳይክል እኩል አያረጅም፤ የፊቱ ፓራፋንጎ ከኋላው ይለያል፣ ፀሐይ ያገኘው ጎን ከጥላው ይለያል። ፍሬሙ ዝገት የወጣው፣ ሹካው ደግሞ እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ ሁለቱ አብረው አልኖሩም።

የተቀየረ ሁሉ አይጣል

በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ውስጥ ወጣቶች የ1930ዎቹንና የ1940ዎቹን ሽዊኖች ከየጓሮው እያወጡ ተራራ ለተራራ ቁልቁል ይነዱ ነበር። ከኦክቶበር 1976 ጀምሮ ይወዳደሩበት የነበረው መንገድ ስሙ «ሪፓክ» ነው፤ ከአንድ ቁልቁለት በኋላ የእግር ፍሬኑ ግሪስ በሙቀት ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደገና መሙላት ነበረባቸው፤ ስሙም የወጣው ከዚህ ነው። ጌሪ ፊሸርና ጓደኞቹ በእነዚህ ፍሬሞች ላይ ማርሽና የእጅ ፍሬን ገጠሙ፤ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ፍሬም ሠራ፤ ዛሬ ማውንቴን ባይክ የምንለው ከዚያ ወጣ። ስለዚህ ከዚያ ዘመንና ከዚያ አካባቢ የመጣ፣ ጆሮው የተከፈተ፣ የሞተር ሳይክል የፍሬን እጀታ ያለው ሽዊን ካጋጠመዎት አይንቀሉት፣ አይቀቡት። ያኔ የተደረገው ለውጥ ራሱ ታሪክ ነው። ማስረጃው ዕቃዎቹ ሁሉ የዚያ ዘመን መሆናቸው፣ የመገጣጠሚያው ዝገትም ከቡሎኖቹ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ዝገት ላይ የተቀመጠ ንጹሕ ቡሎን የዛሬ እጅ ነው።

ሁሉንም ካዩ በኋላ ዋጋ ሲነጋገሩ «ውሸታም ነህ» የሚል ቃል አይውጣዎት። ብዙ ሻጭ ራሱ አያውቅም፤ የሰማውን ነው የሚደግመው። ያዩትን በጣትዎ ያሳዩት፦ «ቁጥሩ ይህ ነው፣ ይህ ቀዳዳ በኋላ ነው የተበሳው፣ ቸርኬው የሌላ ነው።» እኔ እንዲህ ካደረግኩ በኋላ ዋጋው የማይወርድበት ጊዜ አላጋጠመኝም። ፎቶም ያንሱ፤ ቁጥሩን፣ ሞዞውን፣ ሁለቱን ጆሮዎች።

ቀዩን ሳይክል አልሸጥኩትም። ሰማያዊውን ቀለም እስካገኝ ድረስ በመንገድ ላይ እነዳዋለሁ። ኮርቻው ሥር በፕላስቲክ የተሸፈነች ወረቀት አስሬበታለሁ፤ «ፍሬም ማርች 1962። የመጀመሪያ ቀለም ሰማያዊ። ሹካ፣ ፓራፋንጎ፣ ሣጥንና ጎማ በኋላ የተገጠሙ። ፋንተም አይደለም» ትላለች፤ ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው መጀመሪያ የሚያነባት ይህችን ነው።